የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ካልኩለስ፦ በምዕራፎች ቅደም ተከተል ላይ የቀረበ ሂስ

የካልኩለስ ትምህርት በሁለት መንፈቀ ዓመታት ተከፍሎ በሚሰጥባቸው ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሁለተኛው ክፍል ተማሪን ይበልጥ እንደሚያስቸግር መምህራን ይናገራሉ። አዘውትሮ የሚሰጠው ምክንያት የተማሪው መሠረት ደካማነት ነው። ይህ ከፊል እውነትነት ቢኖረውም፣ የትምህርቱ አደረጃጀት ራሱ በችግሩ ያለውን ድርሻ ይሸፍናል። ለዚህ ምርመራ የተመረጠው በ1987 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመውና በብዙ አገሮች የሚሠራበት የጄምስ ስቱዋርት «ካልኩለስ» 8ኛ እትም ነው።

መጽሐፉ ሊመሰገን ይገባዋል። ቋንቋው ግልጽ ነው፤ ሥዕሎቹ ያስተምራሉ፤ መልመጃዎቹም ከቀላል ወደ ከባድ የተሰደሩ ናቸው። ነቀፌታው የሚነሣው በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ድርሻ፣ ማለትም ከ7ኛው እስከ 11ኛው ባሉት ምዕራፎች ቅደም ተከተል ላይ ነው። 7ኛው የኢንተግራል ማስሊያ ዘዴዎችን ይዘረዝራል። ከዚያም ተጨማሪ አገልግሎቶች፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽንና ፖላር ኮኦርዲኔት ይከተላሉ። ወሰን የለሽ ድምር፣ በተለምዶ ሲሪስ የሚባለው፣ በ11ኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ይመጣል።

7ኛው ምዕራፍ ተማሪውን በብዙ ዘዴዎች ካሠለጠነ በኋላ፣ በታወቁት ፈንክሽኖች ፈጽሞ ሊጻፍ የማይችል ኢንተግራል መኖሩን ይነግረዋል። በስታትስቲክስ የሚታወቀው ደወል መሰል መስመር የተመሠረተበት ፈንክሽን ከእነዚህ አንዱ ነው። ተማሪው «ታዲያ ምን ይደረግ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እዚያው የሚያገኘው መልስ በቁጥር መገመት ነው፤ ዋናው መልስ ግን የሚሰጠው በ11ኛው ምዕራፍ ማብቂያ አጠገብ ነው። ፈንክሽኑ ወደ ወሰን የለሽ ድምር ከተዘረዘረ፣ ከ0 እስከ 1 ያለው ስፋት 1 − 1/3 + 1/10 − 1/42 + 1/216 እያለ ይቀጥላል። እነዚህ አምስት ቁጥሮች ብቻ 0.7475 ያህል ይሰጣሉ፤ ስሕተቱም ከ0.001 ያነሰ መሆኑ በማስረጃ ይታወቃል። ጥያቄውና መልሱ በሦስት ምዕራፎች ተለያይተዋል። መንፈቀ ዓመቱ ሲያጥር መጀመሪያ የሚዘለለውም ይኸው የመጨረሻው ክፍል ነው፤ ያን ጊዜ ተማሪው የመፈተኛ ደንቦችን ሸምድዶ ለምን እንዳስፈለጉት ሳያይ ይወጣል።

ጉዳቱ ከፈተና ነጥብ ያልፋል። ሲሪስ ፍርድ የሚጠይቅ ትምህርት ነው። 1 + 1/2 + 1/3 + 1/4 እያለ የሚሄደውን ድምር ያየ ሰው፣ ቁጥሮቹ ወደ ዜሮ ስለሚጠጉ ድምሩም አንድ ቦታ የሚቆም ይመስለዋል። አንድ ሚሊዮን ቁጥሮች ተደምረው እንኳ ውጤቱ ከ14.4 አያልፍም። ሆኖም በ14ኛው ምዕተ ዓመት ኒኮል ኦሬም እንዳሳየው፣ 1/3 እና 1/4 አብረው ከ1/2 ይበልጣሉ፤ ቀጥሎ ያሉት አራቱም እንዲሁ፣ ቀጥሎ ያሉት ስምንቱም እንዲሁ። ስለዚህ ድምሩ ያለ ገደብ ያድጋል። ዓይን የሚያየውን ማስረጃ ሲሽረው ተማሪው የሚመለከተው እዚህ ነው፤ ይህም ጥድፊያ አይወድም። በአማርኛ «ተከታታይ» የሚለው ቃል ለቁጥሮቹ ድርድርም ለድምራቸውም መነገሩ፣ መምህሩ ሁለቱን አበክሮ እንዲለይ ያስገድደዋል።

በኢትዮጵያ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በመሰናዶ ዘመን ያገለገለው የ12ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ድርድርንና ወሰን የለሽ ድምርን በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ከሊሚትና ከዴሪቬቲቭ በፊት አስቀምጦ ነበር። በዚህ መጽሐፍ የተማረ ሰው ሐሳቡን ገና በጠዋቱ ተዋውቆ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እንደገና የሚያገኘው ግን ዕውቀቱ ከደበዘዘ በኋላ ነበር።

የመጽሐፉ አሠራር ማሻሻያን አይከለክልም። ለ11ኛው ምዕራፍ ከ7ኛው በዋናነት የሚያስፈልገው ወሰን የለሽ ክልል ያላቸውን ኢንተግራሎች የሚመለከተው የመጨረሻ ንዑስ ክፍል ነው። መምህሩ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሲሪስ ሊሸጋገርና ፖላር ኮኦርዲኔትን ወደ መጨረሻ ሊያወርድ ይችላል። የምሕንድስናና የፊዚክስ ክፍሎች ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ቶሎ እንዲሰጣቸው መጠየቃቸው ተገቢ ተቃውሞ ነው። ነገር ግን የዚያ ትምህርት መግቢያ ጥቂት ክፍለ ጊዜ የሚበቃው ሲሆን፣ ሲሪስ ቢያንስ የመንፈቀ ዓመቱን ሢሶ ይፈልጋል። የኮርስ ዝርዝር የሚያዘጋጁ ክፍሎች ክፍለ ጊዜ ሲደለድሉ የምዕራፎቹን ቁጥር ሳይሆን ይህን ልዩነት ቢመዝኑ ይመረጣል።