«የብረት ሙጫ» ወይስ ሶልደር?
በአንድ ረቂቅ ትርጉም ላይ የቀረበ የቃላት ሒስ

ለቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች ከእንግሊዝኛ የተተረጐመ የኤሌክትሪክና የብረታ ብረት ሥራ መመሪያ ረቂቅ፣ ከመጨረሻው የቃላት መፍቻ ጋር፣ አስተያየት እንድንሰጥበት ቀርቦልን ነበር። የዐረፍተ ነገሮቹን አሰካክ እናደንቃለን፤ ተርጓሚው የእንግሊዝኛውን ተገብሮ ግሥ በጭፍን አልተከተሉም፤ «ይደረጋል» እያሉ ገጹን ከመሙላት ይልቅ ሠልጣኙን በቀጥታ ያዝዙታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ስለ ሶልደር በሚናገረው ምዕራፍ ውስጥ በተመረጡት ጥቂት ቃላት ላይ መወያየት ነው። ቃላቱ ጥቂት ቢሆኑም ስሕተታቸው በወረቀት ላይ የሚቀር አይደለም፤ መመሪያውን ይዞ ከሚሠራው ሰው እጅ ይደርሳል።

ተርጓሚው ሶልደርን «የብረት ሙጫ» ብለውታል። ስያሜው ለጆሮ ይጥማል፤ በሌላ ቋንቋም ዘመድ አያጣም። በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 41 ቁጥር 7 ላይ ጣዖት ሠሪዎቹ ስለ መጋጠሚያው ሲነጋገሩ የሚገኘው የዕብራይስጥ ቃል «ዴቤቅ» ከመጣበቅ ሥር የወጣ ሲሆን፣ በዛሬው ዕብራይስጥ ሙጫን ያመለክታል። ይሁን እንጂ ምሳሌው የነገሩን ባሕርይ ይሸፍናል። ሙጫ ይቀባል፣ ይደርቃል፣ በገጽ ላይ ይይዛል። ሶልደር ግን ቀልጦ ከመዳብ ጋር ሲገናኝ በውስጡ ያለው ቆርቆሮ ከመዳቡ ጥቂት ያሟሟል፤ በሁለቱ ድንበር ላይም ስድስት የመዳብና አምስት የቆርቆሮ አተሞች በጥምርታ የሚገኙበት ስስ የውሁድ ንጣፍ ይፈጠራል። መዳቡ ካልጋለ ወይም ከቆሸሸ ይህ አይሆንም፤ ሶልደሩ በቅባት ላይ እንደ ወደቀ ውኃ ተሰብስቦ ይንከባለላል። እንግዲህ «ሙጫ» የተባለለት ሠልጣኝ ምን ያደርጋል? ሶልደሩን በመሣሪያው ጫፍ አቅልጦ በቀዝቃዛው ሽቦ ላይ ይቀባዋል። መጋጠሚያው ለዓይን የተያያዘ ይመስላል፤ ሬዲዮው ግን አንድ ቀን ይናገራል፣ አንድ ቀን ዝም ይላል። ማጋል የሚገባው ሥራውን እንጂ ሶልደሩን ብቻ አለመሆኑን መመሪያው በአንድ ዐረፍተ ነገር በትክክል ይናገራል፤ ስያሜው ግን በየገጹ ያንን ዐረፍተ ነገር ያፈርሰዋል።

ሌላም ችግር አለ። ለኤሌክትሮኒክስ ሥራ የሚውለው የሶልደር ሽቦ በውስጡ ከጥድ ዛፍ የሚገኝ ሙጫ ይይዛል፤ ይህኛው ሙጫ ምሳሌያዊ ሳይሆን እውነተኛ ነው። በረቂቁ ውስጥ «መሐሉ ሙጫ የሆነ የብረት ሙጫ» የሚል ሐረግ የተወለደው ከዚህ ነው። ተርጓሚው ራሳቸው ሐረጉን ሲጽፉ እጃቸው ሳይከብዳቸው አልቀረም ብለን እንገምታለን።

ያ የጥድ ሙጫ ከሚመደብባቸው ነገሮች አንዱ ፍለክስ ነው። ረቂቁ ፍለክስን «ፍሰት» ይለዋል፤ ይህም ስለ መግነጢሳዊ ፍሰት ከሚናገረው የፊዚክስ ትርጉም ሳይመረመር የተወሰደ መሆኑ ግልጽ ነው። «ከመበየድህ በፊት ፍሰት ቀባ» የሚል ትእዛዝ ማን ሊፈጽም ይችላል? ፍለክስ በብረቱ ገጽ ላይ ያለውን የኦክሳይድ ሽፋን ያነሣል፣ በማጋል ጊዜ አዲስ እንዳይፈጠር ይከላከላል፣ ሶልደሩም እንዲነጣጠፍ ይረዳል። «ማጽጃ» ቢባል ከነዚህ መካከል አንዱን ብቻ ይዞ ሌሎቹን ይጥላል። ከዚህም በላይ የዚንክ ክሎራይድ ፍለክስ ለውኃ መውረጃ አሸንዳ ሲመች፣ ቅሪቱ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳን ቀስ በቀስ ይበላል፤ የጥድ ሙጫው ግን ይህን ያህል ጥፋት አያደርስም። ስለዚህ ቃሉ እንደ መጣ «ፍለክስ» ተብሎ ቢገባና ዐይነቱ ቢጠቀስ እንመርጣለን።

ከሁሉ የከፋው «መሪ አልባ የብረት ሙጫ» የተባለው ነው። በእንግሊዝኛ እርሳስ የተባለው ማዕድንና የመሣሪያ መገናኛ ሽቦ በአንድ ዐይነት ፊደል ይጻፋሉ፤ ንባባቸው ግን ይለያል፣ ማዕድኑ «ሌድ»፣ ሽቦው «ሊድ» ይባላል። ተርጓሚው በዓይን አንብበው ሁለተኛውን ወሰዱ። (ይህ ወጥመድ የእርሳቸው ብቻ አይደለም፤ በየጥገና ቤቱ «ሶልደሪንግ ሊድ» ሲባል የሚሰማው ማዕድኑን በሽቦው ንባብ መጥራት ነው።) ውጤቱ ግን የሚያስቅ አይደለም። እርሳስ በሰውነት ውስጥ የሚከማች መርዝ ሲሆን ይልቁንም የሕፃናትን የአእምሮ እድገት ይጎዳል። አሜሪካ እርሳስ ያለበትን ሶልደር ለመጠጥ ውኃ ቧንቧ መጠቀምን በ1986 እ.ኤ.አ. በሕግ ከልክላለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም ከሐምሌ 1 ቀን 2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኤሌክትሪክና በኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ውስጥ ገድቦታል። መጽሐፉ የተጻፈው ይህን ለማስጠንቀቅ ጭምር ሲሆን፣ በአማርኛው ውስጥ ማስጠንቀቂያው ጠፍቷል። ከ63 በመቶ ቆርቆሮና ከ37 በመቶ እርሳስ የተቀየጠው ሶልደር በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ፣ በእርሳሱ ፈንታ ጥቂት ብርና መዳብ የገቡበት የተለመደው ቅይጥ መቅለጥ የሚጀምረው በ217 ገደማ ነው። «እርሳስ» የሚለውን ቃል ያላገኘ አንባቢ የሙቀቱ ልክ ለምን እንደ ተለወጠ ሊረዳ አይችልም።

«ቆርቆሮ» እና «እርሳስ» ራሳቸው ግን ጥንቃቄ ይሻሉ። ለብዙው ሰው ቆርቆሮ የጣሪያ ክዳን ነው፤ እርሱም ዚንክ የተቀባ ብረት እንጂ ቆርቆሮ አይደለም። እርሳስም የተማሪ መጻፊያ ነው፤ ልቡ ግን ግራፋይትና ሸክላ ነው። ወደ ግእዙ «ናእክ» እና «ዐረር» እንመለስ የሚል ሐሳብ ሊነሣ ይችላል፤ ይሁንና አረር በአማርኛ ጥይት ሆኖ ስለ ቀረ አንዱን አሻሚ ቃል በሌላ አሻሚ መለወጥ ይሆናል። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 31 ቁጥር 22 ቆርቆሮንና እርሳስን እንደ ሁለት ማዕድኖች ለይቶ ይዘረዝራቸዋል። ነባሮቹን ቃላት ይዞ በመጀመሪያ በሚነሡበት ቦታ ማዕድን መሆናቸውን መግለጽ ይበቃል።

አሁን ወደ «ብየዳ» እንምጣ። ረቂቁ በሶልደር መበየድን፣ ብሬዚንግን እና ዌልዲንግን ሦስቱንም «ብየዳ» ይላቸዋል። ይህ የአማርኛ ድህነት ነው አንልም፤ ጀርመንኛ «ሎተን» እና «ሽቫይሰን» ብሎ ሲለይ፣ የፈረንሳይኛው «ሱዱር» እና የኢጣሊያንኛው «ሳልዳቱራ» በዕለት ንግግር ሁለቱንም ያጠቃልላሉ። በመመሪያ ውስጥ ግን ልዩነቱ መነገር አለበት። በዌልዲንግ የሚያያዙት ብረቶች ራሳቸው ይቀልጣሉ፤ በሌሎቹ ሁለት የሚቀልጠው ማያያዣው ብቻ ነው፤ የነዚህም የሁለቱ ወሰን በስምምነት 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ረቂቁ የብስክሌትን አካል ቧንቧዎች «በየዳቸው» ሲል ምንጩ የሚናገረው ስለ ብሬዚንግ ነው። ቀደም ባለው ምዕራፍ ብየዳን በሶልደር የተማረ ልጅ ቃሉን አምኖ ቢሠራ፣ ጭነት ሲበረታበት የሚለቅ ብስክሌት ለባለቤቱ ያስረክባል።

«የቆርቆሮ ብየዳ» ቢባልስ? የአማርኛው «የ» ማያያዣውንም ተያያዡንም ስለሚያመለክት፣ ሰሚው የጣሪያ ክዳን መበየድ ይመስለዋል። «የናስ ብየዳ» ም እንዲሁ ነው። «መበየጃ» ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ይህ የቃል ቅርጽ እንደ «መቁረጫ» መሣሪያን፣ እንደ «ማጣበቂያ» ም የሚፈጀውን ነገር ሊያመለክት ይችላል። በረቂቁ ገጽ ላይ «መበየጃውን አግለው፤ ከዚያም መበየጃውን አቅልጠው» ተብሎ ተጽፏል፤ የመጀመሪያው መሣሪያው፣ ሁለተኛው ሶልደሩ ነው።

ስለዚህ «መበየጃ» ለመሣሪያው ብቻ፣ «ሶልደር» ለማያያዣው፣ «የሶልደር ብየዳ» ለሥራው፣ «የማቅለጥ ብየዳ» ለዌልዲንግ እንዲውሉ እንጠቁማለን። ለብሬዚንግ ግን ቃል ለመፍጠር አንቸኩልም። ብርን ከብር ቅይጥ በተሠራ ማያያዣ፣ ከ600 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት፣ ሥራው ሳይቀልጥ የሚያያይዙ አንጥረኞች አሉ፤ እንግሊዝኛው ራሱ ይህን «የብር ሶልደር» ብሎ በስም አደናግሮታል። የእኛ አንጥረኞች ማያያዣውንና ሥራውን ለየብቻ በምን እንደሚጠሩ ከየሥራ ቦታቸው ተጠይቆ እስኪሰበሰብ ድረስ «ብሬዚንግ» በመፍቻው ውስጥ እንደ መጣ ይቆይ።