የሰው ጉሮሮ

ራፕ ከሰው አገር የመጣ ነው፤ መቅዳት ነውር ነው ብለን ግን አንነሣም። ዓለማየሁ እሸቴ እስኪያርፍ፣ እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ፣ «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን» ሲባል ኖሯል። ጩኸቱን ከአሜሪካዊው ቢወስድም ቃሉን የጣለው በአማርኛ ልክ ነው።

የዛሬዎቹ ራፐሮቻችን ነገር ወዲህ ነው። የእንግሊዝኛውን አጣጣል እንዳለ ሲገለብጡት የሚጠብቀው ይላላል፣ የሚላላው ይጠብቃል። «አለ» ላልቶ «ተናገረ» ነው፤ ጠብቆ «ይገኛል»። ምቱ ካዛባው ሰሚው የቱን ይያዝ? በኦሮምኛም ያው ነው፦ «ለጋ» ወንዝ፣ ረዘም ሲል «ላጋ» ላንቃ። ለምት ሲባል ወንዙን ላንቃ ማድረግ ምን የሚሉት ጥበብ ነው!

ባኮ ላለን ለእኛማ ሩቅ መሄድም አያሻ። ጌረርሳ አለ (ጠብቆ ይነበብ!)። ድምፃዊው ቃል በቃል ላይ ይደረድራል፤ ትንፋሹን የሚቆርጠው ሐሳቡ በሚቆረጥበት ነው። በ2012 ዓ.ም. የተገደለው የአምቦው ልጅ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከዚሁ ምንጭ ቀድቷል። እሱን የሚቀዱት ግን የጉሮሮውን ቃና ብቻ ይዘው ሲሮጡ እንሰማለን፤ የት ዝም እንደሚል ያጠና ገና አላጋጠመንም።