ልኩን የሚያውቅ ሞተር

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ለቡና መፈልፈያ የሚሆን ሞተር ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት የፈረስ ጉልበት ነው?» ብሎ ነው። ሻጩም ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ያነብለታል። ቁጥሩን ብዙ ባታምኑት ይሻላል። ብዙ ፋብሪካ የቀዳው የሆንዳ ጂኤክስ 160፣ ባለ 163 ሲሲው ሞተር፣ ለዓመታት 5.5 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ሲሸጥ ኖሮ በኋላ 4.8 ተባለ። የተለወጠው አለካኩ ነው። ከፍታም አለ። አየር ሲሳሳ እንዲህ ያለ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከመቶ 3.5 ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ ሚዛን 1,400 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች ከመቶ 15 ያህሉ ገና ሥራ ሳይጀመር ሄዷል። ቴፒና በበቃ ዝቅ ስለሚሉ ትንሽ ይሻላቸዋል።

እኔ አስቀድሜ የማየው ጎቨርነሩን፣ ማለትም የሞተሩን ዙር የሚገታውን ክፍል ነው። ትልልቆቹ እርሻዎች ሞተራቸውን ለብቻው ቤት ሠርተውለት ያስቀምጣሉ። የገበሬው ሞተር ግን የሚቆመው ግቢ ውስጥ፣ ከቀይ ቡናው ክምር አጠገብ ነው፤ የለቀማ ሰሞን ደግሞ ቡና በጣሳ እያፈሱ መፈልፈያው ውስጥ የሚጨምሩት ከትምህርት ቤት የተመለሱ ልጆች ናቸው። ልጅ አጠገቡ የሚቆምበት ሞተር ራሱን መግታት ካልቻለ፣ በነጻም ቢሰጥ ግቢ መግባት የለበትም ባይ ነኝ።

ጎቨርነር ማለት በሞተሩ ሆድ ውስጥ፣ ዘይቱ መካከል የሚሽከረከር ትንሽ ጥርስ ያለው ጎማ ነው። በላዩ ላይ ክብደቶች አሉ። ዙሩ ሲጨምር ክብደቶቹ ወደ ውጭ ይከፈቱና አንድ ዘንግ ይገፋሉ፤ ዘንጉ የካርቡረተሩን በር ይዘጋል። ብዙ ቡና በአንድ ጊዜ ገብቶ ዙሩ ሲወርድ ክብደቶቹ ይሰበሰባሉ፤ ውጭ ያለችው ቀጭን ሞላ በሩን መልሳ ትከፍታለች። ጤነኛ ሞተር በዚህ መንገድ በደቂቃ ከ3,600 ዙር ብዙም ሳያልፍ ይኖራል። ጎቨርነሩ ከተነሳ ወይም ከታሰረ ግን ሸክም የሌለው ሞተር ማቆሚያ የለውም። ከአሉሚኒየም የተሠራችው ቢየላ (የፒስተኑ ዘንግ) ተሰብራ ብሎኩን በስታ ልትወጣ ትችላለች፤ ከዚያ የከፋው ደግሞ ከቀለጠ ብረት የተሠራው ቮላኖ (ከባዱ ተሽከርካሪ ጎማ) ሲፈነዳ ነው። ስብርባሪው ቆርቆሮ አያግደውም።

ይህን አሜሪካውያን በልጆች ሞተር ብስክሌት አይተውታል። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚያ ተወዳጅ የነበሩት ትንንሽ ሞተር ብስክሌቶች የሚንቀሳቀሱት በብሪግስ ኤንድ ስትራተንና በቴኩምሴ የሥራ ሞተሮች ነበር፤ የሣር ማጨጃና የውሃ ፓምፕ የሚያዞሩት ዓይነት። ዛሬም እነዚያን አሮጌ ብስክሌቶች ለልጃቸው የሚጠግኑ አባቶች ትልቁ ጭንቀታቸው ሞተሩ ነው፤ ፍጥነት ፈልጎ ጎቨርነሩን የሚያወጣ ሰው ቢየላውንና ቮላኖውን በጠንካራ ካልቀየረ ልጁን አደጋ ላይ ይጥላል። ያማሃ በ1981 (እ.ኤ.አ.) ያወጣት ባለ 49 ሲሲ ፒደብሊው 50 ጋዙን የሚገድብ ብሎን አላት፤ ልጁ እስኪለምድ ድረስ ወላጅ የሚፈቅደውን ያህል ብቻ ትሄዳለች። አሠሪዎቿን የማከብረው ልጅ የሚነዳት መሆኑን መጀመሪያ አስበው ስለሠሯት ነው።

እንግዲህ ያገለገለ ሞተር ስታዩ ጎንበስ በሉና ካርቡረተሩ አጠገብ ያለችውን ሞላ ተመልከቱ። ኦሪጅናሏ ሞላ ስስ ናት፣ ጥቅልሎቿ እኩል ተቀራርበው የተቀመጡ ናቸው። ጥቅልሎቿ ተለያይተው ከተንገዋለሉ ሰው ጎትቷታል። በቦታዋ የተጠማዘዘ ሽቦ ካያችሁ፣ ወይም የጎቨርነሩ ክንድ ብሎን ጠርዙ በፒንሳ ከተፋቀ፣ አንድ ሰው ተጨማሪ ዙር ፈልጎ ነካክቷታል፤ ውስጡ ምን ያህል እንደተጎዳ ሳይፈታ አይታወቅም። መካኒኩ «ጋሼ፣ ይቺማ በሁለት ደቂቃ ትስተካከላለች» ቢልም እኔ ትቼው እሄዳለሁ።

ቀጥሎ ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆኑን በእጅ ዳስሱ። ሻጭ አስቀድሞ አሙቆት ከቆየ ምክንያት አለው። ገመዱን ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ በአንድ ቦታ እምቢ ብሎ መግፋት አለበት፤ የማይታገል ከሆነ ፋሻው ወይም ቫልቩ አልቋል። ካንዴላው ተፈትቶ ጫፉ ቡናማ ከሆነ ደህና፤ ጥቁር ዘይት ከለበሰ ዘይት እየበላ ነው። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ካልቆመም እንደዚያው ነው። ጋዝ ሰጥታችሁ ስትለቁት ወደ ሚኒሞ ወዲያው መውረድ አለበት፤ ከፍ ዝቅ እያለ የሚያለቅስ ሞተር ካርቡረተሩ ቆሽሿል ወይም ጎቨርነሩ ታሟል። በመጨረሻ ማጥፊያውን ንኩ። በማጥፊያው የማይጠፋ ሞተር፣ አፍንጫው ተይዞ የሚታፈን፣ ሌላው ሁሉ ቢያምርም ለልጅ ቅርብ መሆን የለበትም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን መግጠሙ ላይ ነው። መፈልፈያ ዝግ ያለ ማሽን ነው፤ በደቂቃ 150 ዙር አካባቢ ከበቂ በላይ ያወጣል። ከ3,600 ወደዚያ ለመውረድ 24 ጊዜ መቀነስ አለበት፣ ይህ ደግሞ በአንድ ቺንጋ አይሆንም። ስለዚህ በያጁ በሁለት ደረጃ እንዲያደርገው ንገሩት፦ ባለ 7.5 ሳንቲሜትር ፑሌጃ 45 ሳንቲሜትሩን ያዞራል፣ መካከለኛው ዘንግ ደግሞ በአራት እጥፍ ያወርደዋል። ወይም ከፋብሪካው ስድስት ጊዜ የሚቀንስ ጥርስ ያለውን ሞተር ግዙ፤ ዋጋው ይወደዳል እንጂ የቀረውን አራት እጥፍ አንድ ቺንጋ ስለሚያወርደው ግጥሙ ያጥራል። በፍጥነት የሚዞር መፈልፈያ ፍሬውን ይሰብራል፤ የተሰበረ ፍሬ ሲታጠብና ሲቦካ ይበላሻል፣ ቀምሶ የሚገዛውም ያውቀዋል።

ቺንጋና ፑሌጃው በሽቦ ወንፊት ሙሉ ለሙሉ ይሸፈኑ። ሽፋኑን በያጁ ባለቤቱን እያየ ነው የሚለካው፣ እኔ ግን የግቢውን ትንሹን ልጅ አቁሞ እንዲለካ ነው የምለው፤ ጣቱ ቺንጋው ጋ መድረስ የለበትም። ቤንዚን ሞተሩ እየሠራ አይሞላም። ጭሱም ስለሚገድል በዝናብ ጊዜ እንኳ ሞተሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይነሳም፣ ዳስ ይበቃዋል። ጀሪካኑ ደግሞ ከቡናው ይራቅ። ቡና ሽታ ይስባል፤ አንድ ሌሊት ከቤንዚን ጋር ያደረ ቡና ሲቆላ ይናገራል።

ቀይ ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል ስላለበት ሞተር በኅዳር ማታ ቢቆም የዕለቱ ለቀማ ይበላሻል። አዲሱን ሞተር ስትገዙ ሁለት ካንዴላ፣ አንድ የማስነሻ ገመድ፣ አንድ ኦሪጅናል የጎቨርነር ሞላና ከግማሽ ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ዘይት አብራችሁ ያዙ። የመጀመሪያው ዘይት በ20 ሰዓት ሥራ፣ ከዚያ በኋላ በየ100 ሰዓቱ ይለወጣል።