ዋቢና ተጠያቂነቱ፦ በጥናት ወረቀቶች የምንጭ አጠቃቀስ ላይ የቀረበ ሂስ

በአዲስ አበባ መርካቶ፣ ከወረቀትና ከደብተር መደብሮች አጠገብ፣ የጽሕፈት፣ የፎቶ ኮፒና የጥረዛ ሥራ የሚሠራባቸው ጠባብ ቤቶች ይገኛሉ። የኮሌጅ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ ወደነዚህ ቤቶች ይመጣል፤ ጸሐፊዋም ኅዳጉን ለክታ፣ የገጹን ቁጥር አስገብታ፣ የዋቢዎቹን ዝርዝር ደርድራ ለጥረዛ ታሳልፈዋለች። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከነዚህ ቤቶች በአንደኛው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አንድ ናሙና ገጽ ለመመልከት ዕድል አግኝቷል። ገጹ የጥናት ወረቀት እንዴት እንደሚዘጋጅና ምንጭ እንዴት እንደሚጠቀስ በአማርኛ ያስረዳል። አዘጋጁ ማን እንደ ሆነ፣ ከየትኛው መመሪያ እንደ ተቀዳ ግን አልተጻፈበትም። ምንጭ ጥቀሱ የሚለው ገጽ ራሱ ምንጭ የለውም።

ገጹ ስለ ኅዳግ ስፋት፣ ስለ መስመር ርቀትና ስለ ምዕራፍ አከፋፈል የሚሰጠው ምክር ለተማሪው የሚጠቅም ስለሆነ በዚያ ላይ የሚነሣ ክርክር የለም። ሂሱ የሚያተኩረው ምንጭን በሚመለከተው ክፍል ላይ ነው። ፍሬ ነገሩም ይህ ነው፤ የአጠቃቀስ ሥርዐት ከባዕድ ቋንቋ ሲወሰድ ዓላማው ተትቶ ቅርጹ ብቻ ከተወሰደ፣ ምንጩን ማሳየቱ ይቀርና የምንጩ መሰወሪያ ይሆናል።

1. ዋቢ ስለሚለው ቃል

ዋቢ በቀደመ አገባቡ ዋስ፣ ተጠያቂ ማለት ነው። በኦሮምኛም ዋስትናን የሚያመለክት ቃል ሆኖ ይገኛል። የመርካቶ ነጋዴ ለማያውቀው ሰው ዕቃ በዱቤ ሲሰጥ «ዋስህ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ዋሱም በስሙ የሚታወቅ፣ ሲፈለግ የሚገኝ፣ ነገር ቢበላሽ የሚጠየቅ ሰው መሆን አለበት። ዋቢ መጽሐፍ የሚለው ሐረግ የተገነባው በዚሁ አሳብ ላይ ነው። ተማሪው የሌላውን ሰው አሳብ በውሰት ይወስዳል፤ አንባቢውም ዋሱ ማን እንደ ሆነ፣ የት እንደሚገኝና መቼ እንደ ተናገረ ይጠይቃል።

ምንጭን መጥቀስ ከውጭ የመጣ ልማድ ነው የሚለው አስተያየትም ትክክል አይደለም። የአንድምታ ትርጓሜ መምህራን ለአሳባቸው ማስረጃ የሚሆነውን ቃል በግእዝ አምጥተው «እንዲል» በማለት ያሳርጋሉ። ምዕራፍና ገጽ መጥራት ሳያስፈልጋቸው የቀረው ደቀ መዝሙሩ መጻሕፍቱን በቃሉ የሚያውቅ ስለ ነበረ ነው። የዛሬ አንባቢ መጽሐፉን በቃሉ አያውቀውም፤ ስለዚህ «እንዲል» ማለቱ ብቻ አይበቃውም፤ መንገዱም ሊነገረው ይገባል።

2. የደራሲ ስም

ናሙናው ገጽ የአባት ስም አስቀድሞ፣ ቀጥሎ ነጠላ ሠረዝ፣ ከዚያ በኋላ የደራሲው ስም እንዲጻፍ ያዛል። ይህ ትእዛዝ የተቀዳው ከአሜሪካ የአጻጻፍ መመሪያዎች ነው። ከነዚህ አንዱ የሆነው የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1929 በአንድ መጽሔት ላይ ሰባት ገጽ ሆኖ የወጣ ነበር። መመሪያው የታሰበው የቤተሰብ ስም ላላቸው ደራሲዎች ነው። በእኛ ልማድ ግን ሁለተኛው ስም የአባት የግል ስም እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም።

ውጤቱን በምሳሌ እንመልከት። መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ የተባለውን ታላቅ መዝገበ ቃላት የጻፉት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ናቸው። መጽሐፉ በ1948 ዓ.ም. ታተመ። በናሙናው ሥርዐት መሠረት ጽሑፉ «ክፍሌ (1948)» ተብሎ ይጠቀሳል። የደከሙት ልጅ ናቸው፤ የተጠሩት ግን አባት ናቸው። ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላትን በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙት አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ደግሞ ከዚህ የባሰ ይደርስባቸዋል። ኮምፒውተሩ የመጨረሻውን ቃል ብቻ ለይቶ ሲያስቀድም ስማቸው «ወልድ፣ ደስታ ተክለ» ይሆናል። ተክለ ወልድ አንድ ስም ነው፤ ከሁለት ሲከፈል ትርጉም ያለው ስም መሆኑ ይቀራል። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም «ባይከዳኝ፣ ገ.» ሲባሉ በ«ገ.» የሚጀምሩትን የገብረ ስሞች ሁሉ ይመስላሉ።

ጉዳቱ ከአክብሮት ጉድለት ያለፈ ነው። ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 በኦክስፎርድ ያሳተሙትን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ታሪክ የሚፈልግ ሰው በአንዱ ዝርዝር ከ«ታደሰ»፣ በሌላው ከ«ታምራት» ሥር ያገኘዋል። አንድ ሊቅ ሁለት ሰው ሆኖ ይቀራል። በሐምቡርግ ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የወጣው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤትዮፒካ ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም ይደረድራል። የአይስላንድ ሰዎችም እንደኛ በአባት ስም የሚጠሩ ስለሆኑ የስልክ ማውጫቸውን በግል ስም ተራ አዘጋጅተዋል። ባዕዳን የጠበቁልንን ሥርዐት በራሳችን ቋንቋ ስንጽፍ የምናፈርስበት ምክንያት አይታይም።

3. ዘመን

ናሙናው ገጽ ከደራሲው ስም ቀጥሎ ዓመቱ በቅንፍ እንዲጻፍ ያዛል፤ የየትኛው አቆጣጠር ዓመት እንደ ሆነ ግን እንዲገለጽ አይጠይቅም። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የሰባት፣ ከዚያ በኋላ የስምንት ዓመት ልዩነት እንዳለ የታወቀ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ የቀዳ ተማሪ «(1966)» ብሎ ይጽፋል። ይህን ቁጥር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚያነብ ሰው መጽሐፉ አብዮቱ በፈነዳበት በ1966 ዓ.ም. የወጣ ይመስለዋል። በዘውዱ ዘመን የተጻፈ የሥርዐቱ ትችት፣ ዘውዱ ሲወድቅ የተጻፈ ሆኖ ይቈጠራል። የደራሲው ድፍረት በሁለት ፊደል ጉድለት ይጠፋል። ስለሆነም «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለው ምልክት ከቁጥሩ ሊለይ አይገባም።

4. የፊደል ተራ

በመርካቶ የሚፈለግ ዕቃ በተራው ይገኛል። ሸማ የሚሻ ወደ ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ የሚሻ ወደ ቆርቆሮ ተራ ይሄዳል። የዋቢ ዝርዝርም «በፊደል ተራ» ይቀመጥ ስንል አሳቡ ይኸው ነው፤ ፈላጊ እንዳይደክም ነው። ነገር ግን የአማርኛ ተራ ገና አንድ ወጥ አይደለም። ከላይ የተጠቀሱት የኪዳነ ወልድና የደስታ መዝገበ ቃላት የሚከተሉት የአበገደን ተራ ሲሆን፣ የተለመደው ሀለሐመ ነው።

በሀለሐመ ውስጥም ችግር አለ። ሀ አንደኛ፣ ሐ ሦስተኛ፣ ኀ ዐሥራ ሦስተኛ ነው። «ሐዲስ» ተብሎ የታተመውን ስም ተማሪው «ሀዲስ» ብሎ ቢጽፈው ከቦታው ይፈናቀላል፤ «ኅሩይ»ም «ህሩይ» ሲሆን እንዲሁ። ኮምፒውተሩ ፊደሎቹን በተሰጣቸው የኮድ ቁጥር ስለሚደረድር የአንድ ድምፅ ፊደሎችን አንድ ላይ አያስቀምጥም። መፍትሔው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛ፣ ስሙ በደራሲው መጽሐፍ ሽፋን ላይ እንደ ተጻፈ መጻፍ፤ ሁለተኛ፣ ለድርደራ ብቻ ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሠና ሰን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን እንደ አንድ መቍጠር።

5. ስለ ስያሜዎቹ

ናሙናው ገጽ «ጥቅስ» የሚለውን ቃል ለሦስት ነገሮች ይጠቀምበታል፤ ለተወሰደው ቃል፣ በጽሑፉ ውስጥ ለሚገባው ጠቋሚና በመጨረሻ ለሚገኘው ዝርዝር። ቋንቋው ግን ለሦስቱም የየራሳቸው ቃል አለው። ጥቅስ ሳይለወጥ የተወሰደው ቃል ነው። ማጣቀሻ በጽሑፉ መካከል ስምን፣ ዘመንንና ገጽን የሚያመለክተው ነው። ዋቢ በዝርዝሩ የሚሰፍረው ሥራ ነው። ምንጭ የሚለው ሰፊ ቃል ሲሆን መጽሐፍንም፣ ሰነድንም፣ የሰው ቃልንም ያጠቃልላል።

ገጹ «ፉትኖት» ሲል ደግሞ የግርጌ ማስታወሻ የሚለውን የተዋጣለት ስያሜ ይዘለዋል። ራስጌና ግርጌ ከአልጋ የተወሰዱ ቃላት ናቸው፤ ገጹ ራስና እግር ያለው ሆኖ እንዲታይ ያደርጋሉ፤ የሚያስተረጉም አይሹም። ዝኒ ከማሁም እንዲሁ ሊጠበቅ የሚገባው ነው። ትርጉሙ «ይህም እንደዚያው ነው» ማለት ሲሆን ላቲኑ በአንጻሩ «በዚያው ቦታ» ይላል፤ በአገልግሎት ግን ይተካከላሉ። ጥንቃቄ የሚያሻው ተማሪው አንቀጽ ከቦታ ቦታ ሲያዛውር ነው፤ ዝኒ ከማሁ ከቀደመው ማስታወሻ ከተለየ ባለቤት አልባ ይሆናል።

ኩረጃ የሚለው ቃል ሌላ ጉዳይ ነው። ገጹ የሌላውን ሥራ የራስ አስመስሎ ማቅረብን በዚህ ቃል ይጠራዋል። ኩረጃ ከፈተና አዳራሽ የመጣ፣ የልጅነት ጥፋትን የሚያስታውስ፣ ፈገግታም የማይለየው ቃል ነው። በፈተና የሚኮረጀው መልስ ነው፤ በጥናት ወረቀት የሚወሰደው ግን የሰው ድካም ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የድርሰት ባለቤትነትን ደንግጓል፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ጥቅስን ሳይከለክል ምንጩና የደራሲው ስም እንዲገለጽ ይጠይቃል። ስለዚህ «የድርሰት ስርቆት» የሚለው ስያሜ ለነገሩ ክብደት የሚመጥን ይመስላል። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ተርጕሞ ምንጩን መተውም በዚሁ ስም ሊጠራ ይገባል፤ ዕቃው ቀለሙን ቢለውጥ ባለቤቱን አይለውጥምና።

6. የቃል ምንጭ

ከሁሉ የሚያሳስበው ገጹ ጨርሶ ያላነሣው ጉዳይ ነው። ብዙ ተማሪዎች ስለ መርካቶ ራሷ ያጠናሉ። ስሟ «ገበያ» የሚል የጣልያንኛ ቃል ሲሆን፣ ገበያው ከአራዳ ወደዚህ የተዛወረውም በጣልያን ወረራ ዘመን ነው። የየተራውን አሰያየም፣ የዱቤውን ሥርዐትና የዋጋውን ቋንቋ የሚያውቁት በመደርደሪያ ያሉ መጻሕፍት ሳይሆኑ በሱቅ የተቀመጡ ሽማግሌዎችና እናቶች ናቸው። ተማሪው ግን ከነርሱ ያገኘውን ሁሉ «እንደ ነጋዴዎች አባባል» ብሎ ያልፋል። አንድ ገጽ ያነበበለት ደራሲ ስሙ ይሰፍርለታል፤ ግማሽ ቀን ሱቁን ትቶ ያስረዳው ሰው ስም የለውም።

«መረጃ ሰጪ» የሚለው የተለመደ ስያሜም የፖሊስ ጽሕፈት ቤትን ስለሚያስታውስ ሰውን ያሸሻል። በምትኩ «ነጋሪ» ቢባል ይሻላል። ነጋሪው ከፈቀደ ስሙ፣ የነገረበት ቦታና ቀን ከዋቢዎቹ ጋር ይሰፍራል፤ ካልፈቀደ «ስሙ እንዳይገለጽ በጠየቀ ነጋሪ» ተብሎ ይጻፋል። ስም መሰወር በባለቤቱ ፈቃድ እንጂ በተማሪው ስንፍና መሆን የለበትም።

ለማጠቃለል፣ ኢትዮጵያውያን ደራሲዎች በራሳቸው ስም ተቀድመው ያለ ነጠላ ሠረዝ ይጠቀሱ፤ ድርብ ስሞች አይከፈሉ፤ ዘመን ከነአቆጣጠሩ ይገለጽ፤ የፊደሉ ተራ የትኛው እንደ ሆነ ይታወቅ፤ ነጋሪዎች ከዋቢዎች ጋር ይቈጠሩ። ጸሐፊዋ የምትሠራው የተሰጣትን ናሙና ተከትላ ስለሆነ ጥፋቱ የርሷ አይደለም። ናሙናውን የማቃናት ግዴታ ያለባቸው ኮሌጆቹና የቋንቋው ባለሙያዎች ናቸው። በመርካቶ የማይገኝ ሰው ለዋስትና አይጠራም፤ በጥናት ወረቀትም ፈላጊ ሊያገኘው በማይችል ስም ዋቢ ሊቈጠር አይገባም።