ቪትዟ ሞተር ተቀየረላት፤ ፍሬኗስ?

በሥራ መውጫ ሰዓት ሜክሲኮ አደባባይ ዙሪያ ቆማችሁ የሚያልፉትን ትንንሽ መኪኖች ብትቆጥሩ፣ ቶዮታ ቪትዝ ደጋግማ እንደምትመጣባችሁ እርግጠኛ ነኝ። የመጀመሪያዋ ቪትዝ ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበችው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ አልፏታል ማለት ነው። ግን ማን ይጥላታል? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ ያለችውን ማደስ፣ ከተቻለም ማሻሻል የግድ ሆነ።

ከማሻሻያዎቹ ሁሉ ወጣቶች አብዝተው የሚያወሩለት አንድ ሥራ አለ። 1,000 ሲሲውን ሞተር አውጥቶ 1,300 ሲሲ ማስገባት፣ ከዚያም «ፍሬኑም ተሻሽሏል» ብሎ ትልልቅ፣ የተበሳሱ ዲስኮችን መግጠም። እስኪ ይህን ሥራ በፊዚክስ ሚዛን እናስቀምጠው። የእኔ ፍርድ አጭር ነው፦ ሞተሩ ላይ ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ፍሬኑ ላይ ግን ገንዘቡ ያለ ቦታው ይወጣል።

ከፍታው የወሰደው ጉልበት

«ቪትዝ ዳገት አትወድም» ሲባል ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው የሞተሩ እርጅና ነው። ግን ሌላም ተጠያቂ አለ፤ አየሩ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በ20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ሞተር ቤንዚን የሚያቃጥለው በሚስበው አየር ልክ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። ፋብሪካው 70 የፈረስ ጉልበት ያለው 1,000 ሲሲ ሞተር እዚህ ወደ 56 ይወርዳል።

አሁን 1,300 ሲሲውን እንይ። በፋብሪካው ልክ ወደ 87 የፈረስ ጉልበት አለው። ከዚያ ላይ 20 በመቶ ቀንሱ፤ 70 ገደማ ይመጣል። አያችሁ? ያ ሁሉ ድካምና ወጪ ያመጣው አዲስ ጉልበት አይደለም፤ አንዲት አንድ ሺህ ሲሲ ቪትዝ በባሕር ዳርቻ ከተማ የሚኖራትን ጉልበት ነው። ለዚህም ነው ሐሳቡን የማልነቅፈው። ጠባቡ ነገር አሠራሩ ላይ ነው፦ ሁለቱ ሞተሮች የአንድ ቤተሰብ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ስለዚህ ሞተሩ የሚቀመጥባቸው ድጋፎች፣ የኤሌክትሪክ መስመሩና ኮምፒውተሩ አብረው መታሰብ አለባቸው። ሱማሌ ተራ ሄዶ ሞተሩን ብቻ ገዝቶ መመለስ ሥራውን ግማሽ ላይ መተው ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥርም እኮ አይረሳም!

ትልቅ ዲስክ ምን ይሠራል፣ ምን አይሠራም?

ስለ ፍሬን ሲወራ የሚረሳ አንድ ነገር አለ። ከፍታው ፍሬኑንም ይነካዋል። ፔዳሉን ስትረግጡ እግራችሁን የሚያግዘው ቡስተር የሚባለው ክብ ዕቃ ነው። የሚሠራው በውጭው አየር ግፊትና ሞተሩ ስቦ ባሳሳው አየር መካከል ባለው ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ላይ የውጭው ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ቡስተሩ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛ እርዳታም ይቀንሳል። በድንገት አጥብቃችሁ ስትይዙ እግራችሁ የበለጠ መሥራት አለበት ማለት ነው። ትልቅ ዲስክ ይህን በመጠኑ ይክሳል፤ እውነት ነው።

ግን መኪናዋን በመጨረሻ የሚያቆማት ዲስኩ አይደለም። ዲስኩ የሚያቆመው ቸርኬውን ነው፤ መኪናዋን የሚያቆማት ጎማው ከአስፋልቱ ጋር ያለው ሰበቃ ነው። እንቁጠረው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ ነው እንበል። በደረቅ አስፋልት ላይ በጥሩ ጎማ የሰበቃው መጠን 0.7 ቢሆን፣ ፍሬን ከያዛችሁበት እስክትቆሙ 20 ሜትር ገደማ ትሄዳላችሁ። በክረምት ዝናብ ባለቀ ጎማ መጠኑ 0.4 ቢሆን ደግሞ 35 ሜትር። ልዩነቱ 15 ሜትር ነው፤ ከአንድ የእግረኛ ማቋረጫ ስፋት ይበልጣል። የድሮው ፍሬን ጎማውን መቆለፍ ከቻለ፣ የትኛውም ዲስክ ያንን 15 ሜትር አይመልስላችሁም።

የኋላውን ታምቡሮ አውልቆ ዲስክ መግጠምስ? እዚህ ላይ ነገሩ ከብክነት አልፎ ወደ አደጋ ይሄዳል። ስትቆሙ የመኪናዋ ክብደት ወደ ፊት ያጋድላል፤ የኋላ ጎማዎች ይቀልላቸዋል። ፋብሪካው የኋላውን ፍሬን ደከም ያደረገው ለዚህ ነው። የፊትና የኋላውን ድርሻ ሳታስተካክሉ የኋላውን ብቻ ብታጠነክሩ፣ የኋላው ጎማ ቀድሞ ይቆለፍና መኪናዋ ትሽከረከራለች።

ትልቅ ዲስክ በእውነት የሚጠቅመው ሙቀት ላይ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ ከ1,300 ሜትር በላይ ዝቅ ትላላችሁ። ከነተሳፋሪዋ 1,000 ኪሎ ግራም የምትመዝን ቪትዝ በዚህ ቁልቁለት የምታወርደው ጉልበት፣ ከ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 50 ጊዜ ያህል ከመቆም ጋር እኩል ነው! ማርሽ ዝቅ አድርጋችሁ ሞተሩ ካልያዘላችሁ፣ አብዛኛው ሙቀት ሆኖ ፍሬኑ ላይ ያርፋል። እዚህ ቦታ ወፍራም ብረት ያለው ዲስክ ዋጋ አለው። የተበሳሳው ግን ለውበት ነው፤ ቀዳዳው ሙቀት የሚሸከመውን ብረት ይቀንሳል፤ ስንጥቅም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያው ነው።

ከዲስኩ በፊት ደግሞ የሚፈላው የፍሬን ዘይት ነው። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ አይፈላም፤ ውሃ ሲገባበት ግን መስፈርቱ ራሱ ወደ 140 ይወርዳል። ከፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ስለሚጨመቅ ፔዳሉ ባዶውን ይወርዳል።

ታዲያ ገንዘቡ የት ይዋል?

ከመሬት ወደ ላይ ቁጠሩ። መጀመሪያ ጎማ። ቀጥሎ የፍሬን ዘይት። ከዚያ ጥሩ የፍሬን ሸራ። ሞተሩ አራተኛ ነው። ዲስኩ ደግሞ አገር አቋራጭ ለምትወጡ ብቻ። በሜክሲኮና በልደታ መሃል እየቆማችሁ እየተነሳችሁ የምትውሉ ከሆነ፣ ያ ዲስክ የሚሞቅበት ዕድል እንኳ አያገኝም።

ፍጥነት በአንድ ሦስተኛ ሲጨምር፣ ከ60 ወደ 80 ማለት ነው፣ ፍሬኑ የሚያጠፋው ጉልበት በ78 በመቶ ያድጋል። ስለዚህ «ስንት ፈረስ ጉልበት ጨመረ?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ጓደኛ ካለ፣ መልሳችሁ ጠይቁት፦ ጎማህ ስንት ዓመቱ ነው? የፍሬን ዘይትህን መቼ ቀየርክ?