«ደም ብዛት» እና «ደም ማነስ»፤ ለረዳት ነርሶች ማስተማሪያ በተዘጋጀ የቃላት ዝርዝር ላይ የቀረበ ትችት

በመርካቶ ካሉት የረዳት ነርስ ማሠልጠኛ ቤቶች ባንዱ ለተማሪዎች የሚታደል አንድ የቃላት ዝርዝር አለ። በሁለት ዓምድ የተከፈለ ሲሆን፣ በግራው የእንግሊዝኛው የሕክምና ቃል፣ በቀኙ ያማርኛ ፍቺው ተጽፏል። የአዘጋጁ ስም አልተገለጸም። ወደ እጄ የገባው ታናሽ እኅቴ የዚሁ ትምህርት ተማሪ በመሆንዋ፣ ማታ ማታ ቃላቱን እንዳስጠናት ስለ ጠየቀችኝ ነው። እኔ የቋንቋ ተማሪ ነኝ እንጂ ሕክምና አላጠናሁም። የመጀመሪያ ርዳታ የሚባለውንም የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር፤ ቁስል እንዴት እንደሚታሰር ተፈትኜ ሙሉ ነጥብ ካገኘሁ በኋላ፣ ያንኑ ለእናቴ ባማርኛ ለማስረዳት ቃል አጥቼ እንደ ነበር አስታውሳለሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች የማቀርበው ትችት በመርካቶ ተወልዶ፣ የሕመምተኛውንም የአስታማሚውንም አነጋገር ሲሰማ ያደገ ሰው አስተያየት ነው።

አስቀድሞ ለዝርዝሩ ተገቢውን ምስጋና መስጠት ያስፈልጋል። የሰውነት ክፍሎች ስም፣ ማለት ሳንባ፣ ጉበት፣ ጣፊያ፣ ኩላሊት፣ ሐሞት፣ ያለ ስሕተት ቀርበዋል። ሕዝቡ የለመዳቸውን የውጭ አገር ቃላትም አዘጋጁ አልናቃቸውም፤ ፋሻን፣ ጀሶንና ጓንትን እንዳሉ ትቷቸዋል። እነዚህ ከኢጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል በነበረው የኢጣሊያ ወረራ ዘመን ያገሬው ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ ሲዛወር የተሰጠው «መርካቶ» የሚለው ስምም ከዚያው ቋንቋ መሆኑ የታወቀ ነው። ማንም የመርካቶ ነጋዴ ጀሶ ምን እንደ ሆነ ሳይቸገር ያውቃል፤ ለርሱ አዲስ ቃል መፍጠር ከንቱ ድካም በሆነ ነበር። እንደ «ቀዶ ጥገና» ያለው ቃል ደግሞ የሥራውን መጀመሪያና መጨረሻ ባንድ ላይ የሚያሳይ ስለሆነ፣ ባማርኛ የተፈጠረ የሕክምና ቃል ሊያምር እንደሚችል ምስክር ነው።

የዝርዝሩ ዋና ጉድለት ግን ከመነሻው ነው። ለእንግሊዝኛው ቃል አንድ ያማርኛ ቃል ከተገኘለት ሥራው ያለቀ መስሎታል። ሕመምተኛው ግን የግራውን ዓምድ አያውቀውም። በቀኝ ያለውን ቃል ብቻ ይሰማና፣ ቃሉ ራሱ የሚለውን ያምናል። ይህ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያስከትል በምሳሌ ላስረዳ።

የበሽታዎች ስም

ዝርዝሩ ለሃይፐርቴንሽን «ደም ብዛት»፣ ለአኒሚያ «ደም ማነስ» ይላል። ሁለቱም በሕዝብ ዘንድ የተለመዱ ቃላት ናቸው። ነገር ግን ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ የሌላው ተቃራኒ ይመስላሉ። የመጀመሪያው ደም በሥሮቹ ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት ከልክ ማለፉ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሲለካ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ይህ በሽታ አለበት ይባላል። ሁለተኛው በደም ውስጥ አየርን የሚያመላልሰው ሄሞግሎቢን የተባለው ነገር ማነሱ ነው። አንድ ሰው ሁለቱንም በሽታ ባንድ ጊዜ ሊይዝ ይችላል። በቃላቱ ግን ከሄድን፣ ደሙ የበዛ ሰው ደሙ ሊያንስ አይችልም።

ይህ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ እንዳይመስል የቤታችንን ነገር እናገራለሁ። አያቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ክሊኒክ «ደም ብዛት አለብዎት» ተብለው ክኒን ታዘዘላቸው። እሳቸውም የበዛው እንዲጎድል በማለት ጉበትና ቀይ ሥር መብላት ተዉ፤ ዋግምትም አስደረጉ። ቆይተው በሌላ ቦታ ሲመረመሩ «ደም ማነስ አለብዎት» ተባሉ። ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። የበዛው ደም ጎድሎ ጎድሎ አሁን ጥቂት ከልክ በታች ሆነ እንጂ የፊተኛው በሽታ ጨርሶ ለቀቀኝ ብለው፣ የግፊቱን ክኒን አቆሙ። ከወራት በኋላ አንድ ቀን ጧት ከመኝታቸው ሲነሡ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። ዛሬ አልጋ ላይ ናቸው። እኅቴም ይህን ትምህርት የጀመረችው በእሳቸው ምክንያት ነው። ለአያቴ ማንም ሐሰት አልነገራቸውም። የተነገራቸው ቃል ሁሉ በዝርዝሩ ላይ እንዳለ ነበር። «የደም ግፊት» የሚለው ስም ግን በሰውም አንደበት፣ በሐኪሞችም ዘንድ ስላለ፣ ለማስተማሪያ እርሱን መርጦ «ደም ብዛት»ን በማስጠንቀቂያ ማስቀመጥ ይቻል ነበር።

«ነቀርሳ»ም እንዲሁ ነው። ዝርዝሩ ለቱበርክሎሲስ «የሳንባ ነቀርሳ»፣ ለካንሰር «ነቀርሳ» ይላል። እንግዲያስ ካንሰሩ በሳንባ ላይ የወጣበት ሰው ምን ይባል? የመጀመሪያው ሮበርት ኮኽ በ1882 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ባገኘው ባክቴሪያ የሚመጣ፣ በትንፋሽ የሚተላለፍ፣ መድኀኒቱን የማይቋቋም ዓይነት ካልሆነ በቀር አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር በሚወሰድ መድኀኒት የሚድን በሽታ ነው። ሁለተኛው በትንፋሽ አይተላለፍም፤ ሕክምናውም ፍጹም ሌላ ነው። «ነቀርሳ» የተባለ ሰው፣ ሊድን የሚችል ሲሆን ተስፋ ቈርጦ መድኀኒቱን ሊተው፣ ወይም ቤተ ሰቡ ከማይተላለፍ በሽታ ሊሸሽ ይችላል። እዚህ ላይ «ቲቢ» እና «ካንሰር» የተባሉት ባዕዳን ቃላት ካገሬው ቃል ይልቅ ሰውን ያድናሉ።

«ተስቦ»ም ሁለት ጌታ ያለው አገልጋይ ሆኗል። ዝርዝሩ ታይፈስንም ታይፎይድንም በዚህ ቃል ተርጕሟል። ተስቦ ያልነው ታይፈስ በቅማል ይተላለፋል፤ ታይፎይድ ግን በተበከለ ውሃና ምግብ ይመጣል። አንደኛውን ለመከላከል ልብስ መቀቀል፣ ሁለተኛውን ለመከላከል ውሃ ማፍላትና እጅን መታጠብ ያስፈልጋል። ስሙ ሲቀላቀል ምክሩም ይቀላቀላል። «የአንጀት ተስቦ» የሚለው መለያ ባማርኛ ሳለ አለመጻፉ ያስገርማል።

የሕመምተኛው አነጋገር

ሁለተኛው ጉድለት ከመጀመሪያው ይከፋል። ዝርዝሩ ረዳት ነርስዋ ምን እንደምትናገር እንጂ ምን እንደምትሰማ አያስተምርም። ለሕመም ያለው ቃል አንድ፣ እርሱም «ሕመም» ነው፤ ጥያቄውም «የደረት ሕመም አለዎት?» የሚል ነው።

አማርኛ ግን ሕመምን በስም ሳይሆን በግሥ ነው የሚናገር። ራሴን ይፈልጠኛል፤ ጎኔን ይወጋኛል፤ ሆዴን ይቈርጠኛል፤ ጉልበቴን ይቈረጥመኛል፤ ጥርሴን ይጠዘጥዘኛል፤ ሽንቴን ያቃጥለኛል፤ ያጥወለውለኛል፤ ያንዘፈዝፈኛል። አድራጊው ማን እንደ ሆነ አይነገርም፤ የሚደረግበት ሰውና የሚታመመው አካል ግን ተለይተው ይታወቃሉ። ከሁሉ በላይ ግሡ የሕመሙን ጠባይ ይናገራል። የሚወጋ ሌላ፣ የሚያቃጥል ሌላ፣ የሚቈርጥ ሌላ ነው። ሐኪም በብዙ ጥያቄ ሊያወጣው የሚሞክረውን፣ ሕመምተኛው በመጀመሪያው ቃሉ ሰጥቶታል።

እኅቴ ለልምምድ በሄደችበት ቦታ አንድ ተሸካሚ «የደረት ሕመም አለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ «የለኝም» ብሎ መለሰ። ወረቀቱም ላይ የለም ተብሎ ተጻፈ። ሊወጣ ሲል «ብቻ ስተነፍስ ጎኔን ይወጋኛል» አለ። ለእርሱ ውጋት ውጋት ነው እንጂ የደረት ሕመም አይደለም። ስተነፍስ ይወጋኛል ማለቱ ግን የሳንባ ምችን ሊያሳስብ የሚገባ ቃል ነበር። ይህ ሰው የአፍ መፍቻው ሥልጤኛ ነው፤ በመርካቶ ሸክም ከሚሠሩት ብዙዎቹም እንዲሁ አማርኛን የተማሩት ከገበያ ነው። የገበያ አማርኛ ደግሞ ይህን የግሥ አነጋገር እንጂ የወረቀቱን አማርኛ አያውቅም።

ተማሪዋ ሳትማረው ብትሄድ የምትሳሳትበትን አንድ ቃል ብቻ ልጨምር። እናት «ልጄን ያስቀምጠዋል» ስትል ልጁ ተቅማጥ ይዞታል ማለትዋ ነው። ዝርዝሩ «ተቅማጥ»ን ብቻ ይዟል።

ሰዓትና መጠን

በሦስተኛ ደረጃ፣ ዝርዝሩ የመድኀኒት አወሳሰድን በተመለከተ «በየ8 ሰዓቱ» ይላል። በቋንቋችን «ሰዓት» የጊዜውን ርዝመትም፣ የቀኑን ምልክትም የሚገልጽ አንድ ቃል ነው። ስለዚህ «በየ8 ሰዓቱ» የተባለ ሰው ከቀኑ 8 ሰዓትና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቢውጥ አይፈረድበትም፤ ሦስቱ ጊዜ ግን ሁለት ሆነ ማለት ነው። «ጧት 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት» ብሎ መንገር ይህን ሁሉ ያስቀራል። «ከምግብ በኋላ» የሚለውም በጾም ቀን እስከ 9 ሰዓት ለሚቈይ ክርስቲያን፣ በረመዳንም ለሚጾም እስላም ምን ማለት እንደ ሆነ አልታሰበበትም። በራጉኤልና በአንዋር መስጊድ መካከል ለምትሠራ ነርስ «ጾም ነዎት ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ መሆን ነበረበት። «አንድ ማንኪያ»ም የሻይ ከሆነ 5 ሚሊ ሊትር፣ የሾርባ ከሆነ 15 ሚሊ ሊትር ስለሆነ፣ ለሕፃን መድኀኒት ሳይለዩ መተው አደገኛ ነው።

የማስታመም ቃላት

በመጨረሻ ስለ አክብሮት። በዝርዝሩ ያሉት ትእዛዞች ሁሉ «ክንድህን ዘርጋ»፣ «ተገልበጥ» የሚሉ ናቸው። ያባትዋ እኩያ የሆነን ሰው አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ «ተገልበጥ» ብትለው፣ ቢገለበጥም ልቡ አይገለበጥላትም፤ ያፈረበትንም ነገር አይነግራትም። «አባባ፣ ትንሽ ወደዚህ ዞር ይበሉልኝ» ማለት ጊዜ አይፈጅም። አልጋ ላይ የዋለን ሰው ቁስል እንዳያወጣ በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ የተለመደ ሥርዓት ስለሆነ፣ ይህ ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደሚነገር አንባቢ ያስብ።

ለሥራው ራሱም ዝርዝሩ «ተንከባካቢ» የሚል ስም ሰጥቷል። ተንከባካቢ ለሕፃንም፣ ለአበባም፣ ለዕቃም ይባላል። አማርኛ ግን «አስታማሚ» የሚል፣ «አመመ» ከሚለው ግሥ የተገኘ ቃል አለው። ይህ ስም በሆስፒታል ከሕመምተኛው ጋር ለሚያድረው ዘመድ የተሰጠ ስለሆነ ያደናግራል የሚል መቃወሚያ ሊቀርብ ይችላል፤ መቃወሚያውም ቀላል አይደለም። እኔ ግን «የሠለጠነ አስታማሚ» ብንል፣ ሠልጣኝዋ የምትወርሰው የማን ሥራ እንደ ሆነ ታስታውሳለች ባይ ነኝ።

መደምደሚያ

አንዳንድ መምህራን ሕክምናን በእንግሊዝኛ ብቻ ማስተማር ይሻላል ይላሉ። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጐንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ካሠለጠናቸው ጀምሮ ብዙ ባለ ሙያዎች በእንግሊዝኛ ተምረው አገራቸውን በሚገባ አገልግለዋል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከ30,000 በላይ ሠራተኞችን አሠልጥኖ ከየቤቱ ያደረሰው በሰፈሩ ቋንቋ ነው። ረዳት ነርስም ለሕመምተኛው ከሐኪሙ ይልቅ የምትቀርብ ስለሆነች፣ ጉዳይዋ ከሁለተኛው ወገን ነው።

ስለዚህ ዝርዝሩ ይቅር አልልም፤ በሁለቱ ዓምዶች ላይ ሌላ ሁለት ይጨመርበት እላለሁ። ሦስተኛው ሕመምተኛው ራሱ የሚለውን፣ አራተኛው ቃሉ ከምን ጋር እንደሚምታታ ይያዝ። ከሁሉም በፊት «የነገርሁዎትን እስቲ መልሰው ይንገሩኝ» የምትለው አንዲት ዓረፍተ ነገር በመጀመሪያው ገጽ ትጻፍ። አያቴን ይህን የጠየቃቸው ሰው ቢኖር ኖሮ፣ የበዛው ደም ጎደለ ብለው ማመናቸው በዚያው ቀን በታወቀ ነበር።

ሦስተኛውን ዓምድ አንድ ሰው ብቻውን ሊሞላው አይችልም። ከየአውራጃው የመጣችሁ ተማሪዎች፣ በሰፈራችሁና በየቋንቋችሁ ሕመም የሚነገርባቸውን ግሦች ጽፋችሁ ለዚህ መጽሔት ብትልኩ፣ እኔና እኅቴ በፊደል ተራ ልናስቀምጣቸው ፈቃደኞች ነን።