ባዶውን ትራክ አድምጡ

የቴፕ ሄድ ስመርጥ መጀመሪያ ጆሮዬን የምሰጠው ምንም ላልተቀዳበት ትራክ ነው። አንዱ ትራክ በሙዚቃ ተሞልቶ፣ ከጎኑ ያለው ባዶ ሆኖ ድምፁ ከፍ ሲደረግ ምን ይሰማል? መግለጫ ወረቀቶች ብዙውን ጊዜ የሚጽፉት በ1000 ሄርዝ የተለካውን ነው። በዚያ ቁጥር ብቻ ሄድ አልገዛም፤ ችግሩ የሚብሰው ከዚያ በታችና በላይ ነውና።

ወፍራሙ ድምፅ የሚሻገረው በቴፑ በኩል ነው። ቴፕ በሰከንድ 38 ሴንቲ ሜትር ሲሮጥ የ50 ሄርዝ ድምፅ አንዱ ሞገድ 7.6 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ይህን ያህል የረዘመ ሞገድ የማግኔት ኃይሉን ከትራኩ ጠርዝ አልፎ ስለሚዘረጋ፣ በትራኮቹ መካከል የተተወው ቀጭን ድንበር አይበቃውም። በካሴት ፍጥነት፣ በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር፣ ያው ሞገድ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ያጥራል። ስለዚህ ፈጣን የስቱዲዮ ማሽን ጥቂት ቤዝ ቢያሾልክ ሠሪውን ለመውቀስ አልቸኩልም።

ቀጭኑ ድምፅ ግን የሠሪውን እጅ ያጋልጣል። በአንዱ ጥቅል ሽቦ የሚያልፈው ኮረንቲ፣ ልክ በትራንስፎርመር ውስጥ እንደሚሆነው፣ በጎረቤቱ ጥቅል ላይም ኮረንቲ ይቀሰቅሳል። መድኃኒቱ በመካከላቸው የሚገባ፣ የማግኔት ኃይልን ከሚያግደው ሙ-ሜታል የተሠራ መከለያ ነው። ባለ 24 ትራክ ስቱዲዮዎች ማሽኖችን እኩል የሚያስኬደውን የጊዜ ኮድ በ24ኛው ትራክ ቀድተው 23ኛውን ብዙ ጊዜ ባዶ የሚተዉት መከለያም ሁሉን ስለማያስቆም ነው።

ከሁሉ የማደንቀው በአቀማመጥ የተገኘውን መፍትሔ ነው። ሩብ ኢንች በሆነው ባለ አራት ትራክ ሪል 1ኛውና 3ኛው ወደ አንድ አቅጣጫ፣ 2ኛውና 4ኛው ወደ ተቃራኒው ይቀዳሉ፤ ሾልኮ የሚመጣው ድምፅ ከኋላ ወደ ፊት የሚነገር ንግግር ይሆንና ጆሮን ይረብሻል። ፊሊፕስ በ1963 እ.ኤ.አ. ያወጣው ካሴት ወደ ስቴሪዮ ሲያድግ ግን ግራና ቀኙ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ሰፊው ድንበር በሁለቱ ገጾች መካከል ቀረ። የአንድ ዘፈን ግራና ቀኝ በጥቂቱ ቢቀላቀሉ አድማጩ እምብዛም አይጎዳም። እንዲህ ያለውን ማስተዋል ከውድ መከለያ አስበልጣለሁ።

ዘፈኑ ሳይጀምር ቀድሞ የሚሰማ ስስ ማሚቶ ከሄዱ የመጣ አይደለም፤ ሪሉ ላይ ከተደራረበው ቴፕ የተጋባ ነው። ከጎረቤት ትራክ የሚሻገር ድምፅ ከምንጩ ጋር እኩል ይመጣል። ካሴት ላይ የተገለበጠ ድምፅ ከሰማችሁ ደግሞ ሄዱን ከመቀየራችሁ በፊት ከፍታውን ፈትሹ፤ ከቦታው ተዛንፎ የሌላውን ገጽ ትራክ እየነካ ሊሆን ይችላል።